ጣቶቹ ደረሱ፣ ዘፈኑ መንገድ ቀረ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ማራኪ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት ጎርጎራ ነው። ናይል የሚባለውን የቴክኒካል ዴዝ ሜታል (ፈጣን፣ ውስብስብና በጩኸት የሚዘፈን ከባድ የጊታር ሙዚቃ) ባንድ መስማት የጀመርኩት በስሙ ምክንያት ነው። የ2005 አልበማቸው አሳበደኝ። ከዚያ የ2012ቱን፣ ‹አት ዘ ጌት ኦፍ ሴቱ›ን፣ በሌሊት ጥቅል እንቅልፌን አጥቼ አወረድኩት። አራት ጊዜ ሰማሁት። ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው፤ ሁሉም ይፈጥናል። ሲያልቅ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ነገር አይቀርም። የዶርም ጓደኞቼ ‹ቴክኒካል ስለሆነ አልገባህም› ይሉኛል። ችግሩ ጆሮዬ ነው ወይስ አልበሙ? ስልኬም ሞልቷል። ልሰርዘው?»

ወንድምዓለም፣ ጆሮህ ደህና ነው። ቅድሚያ ይህን ልንገርህና ልብህ ይረፍ። ያሳዘነህ አልበሙ ነው፤ እኔንም አሳዝኖኛል። ግን «ይፈጥናል፣ ስለዚህ አልገባህም» የሚለውን የጓደኞችህን ነገር እንተወው። የ2005ቱም ይፈጥናል። እሱ ገብቶሃል። ስለዚህ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

እኔ ቀን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል መዝሙር እቀዳለሁ፣ የሰርግ ዘፈን እቀዳለሁ፣ ማሲንቆና ክራር እቀዳለሁ። ማታ ማታ ሜታል እሰማለሁ። ባለቤቴ ገና ስከፍተው «ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያርዱ ነው?» ትላለች። ሃያ ዓመት አለፈን እንዲህ ስንል። እና የምመልስልህ በሁለቱም ጆሮ ነው፤ በድምፅ ቀራጩም በሜታል አፍቃሪውም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ባንዱ ብዙ አልልም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ናይል የተመሠረተው በ1993 አሜሪካ ውስጥ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ግሪንቪል በምትባል ከተማ ነው። አድራጊ ፈጣሪው ጊታሪስቱ ካርል ሳንደርስ ነው። ሰውየው የጥንታዊት ግብፅ ልክፍት አለበት። ፈርዖን፣ መቃብር፣ የሙታን ዓለም ደጆች፣ ዘፈኑ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አንተ የጣና ልጅ ስሙን አይተህ መጠጋትህ አሳቀኝ፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነበርና። ብሰማ፣ ብሰማ ሁሉም ግብፅ ሆነብኝ። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኛ ደጋ እንደሚወርድ የነገራቸው ያለ አይመስልም። በሜታልም ውሃ አቅራቢ ሆነን ቀረን።

ቀልዱን ትተን፣ ያ የ2005 አልበም ለምን ልብህን ያዘው? አንዱን ምክንያት ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

አምባሰልን ታውቃለህ። ከመነሻው ድምፅ ቀጥላ ያለችው ድምፅ የምትርቀው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። ሆድ የምታባባው ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት። ናይሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ፍሪጂያን ዶሚናንት የሚባል ስኬል፣ ማለትም የድምፆች ቅኝት፣ አለ። ሰባት ድምፅ አለው። የአምባሰል አምስቱም ድምፆች እዚያ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፤ ይህ አምባሰል ነው። እነሱ ሚን እና ሲ ቤሞልን ይጨምሩበታል። ክራር ያለው ጓደኛ ካለህ አምባሰል አስቃኘውና በላዩ ላይ የ2005ቱን ጊታር በአፍህ አንጎራጉር። ለፈረንጁ «የበረሃ ምሥጢር» የሚመስለው ድምፅ ላንተ የጎረቤት ድምፅ ነው። ስለዚህ ገና ሳትማረው ግማሹን ታውቀው ነበር።

ይህ ስኬል 2012 ላይ አልጠፋም። እዚያው አለ። ታዲያ ምን ጠፋ?

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ትንሽ ሒሳብ አለበት፤ ታገሠኝ።

የተለመደው ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ናይሎች ጊታራቸውን በጣም አውርደው ይቃኛሉ። የነሱ ወፍራም ክር ኤ (ላ) እስከሚባለው ድምፅ ድረስ ወርዶ በሴኮንድ 55 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። አሁን ድራሙ በደቂቃ 240 ምት ይሄዳል እንበል፤ በዚህ ዘርፍ ብርቅ አይደለም። እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል በሴኮንድ 16 ይመጣል። ጊታሪስቱም አብሮ በሴኮንድ 16 ጊዜ ክሩን ይነካል። አንዷ ኖታ ዕድሜዋ ስንት ነው? 62 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ። በዚያች ዕድሜዋ ወፍራሙ ክር ስንት ጊዜ ይርገበገባል? ሦስት ተኩል እንኳን አይሞላም።

ሦስት ጊዜ ተርገብግቦ አለቀ! ጆሮ አንድን ድምፅ «አዎ፣ ይሄ እገሌ ነው» ለማለት ጊዜ ይፈልጋል። ድምፁ ወፍራም በሆነ ቁጥር የሚፈልገው ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ መውፈርና መፍጠን በተፈጥሯቸው ይጣላሉ። ይህን ጠብ ማንም ጊታሪስት በልምምድ አይፈታውም። የክሩ ጠባይ ነው።

ቀራጩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ነገር፣ አብዝቶ ጊታሩን ግድግዳ ማድረግ ነው። ያኔ ኖታው ይጨፈለቃል፤ ግን ደረትህ ላይ የሚያርፍ ነገር ይኖራል። ሁለተኛው ዲስቶርሽኑን ቀንሶ፣ ከታች ያለውን ጉምጉምታ ከርክሞ እያንዳንዷን ኖታ ማሳየት ነው። ያኔ ሁሉም ይጠራል፤ ግድግዳው ግን ይፈርሳል። የ2005ቱ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ብዙ ቦታ ጭቃ ነው። ግን ጭቃው ከባድ ነው፤ እግርህን ይይዛል። የ2012ቱ፣ ሴቱ፣ ላይ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ጊታሩ ደረቅ ነው፣ ቀጭን ነው። ጣቶቹ ይሰማሉ፤ ክንዱ አይሰማም።

እዚህ ላይ «ኤርፎኔ ርካሽ ስለሆነ ይሆን?» ልትል ትችላለህ። ርካሽ ኤርፎን 55ቱን በደንብ አያወጣውም፤ እውነት ነው። የምትሰማው በላዩ የሚፈጠሩትን ቀጫጭን ድምፆች ነው። አእምሮህ ከነሱ ተነሥቶ ወፍራሙን ይገምታል። ግን የ2005ቱንም የሰማኸው በዚያው ኤርፎን አይደል? ያኛው ደረትህን መታው፣ ይኼኛው አልመታህም። እኔ በስቱዲዮ ስፒከር ሰማሁት፤ ልዩነቱ ያው ነው። እንዲያውም ስፒከሩ ሲሻል ቀጭንነቱ ይበልጥ ገላጣ ይሆናል።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም አጥፍቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ማሲንቆ ሊቀዱ መጡ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ያውም የፈረስ ጭራ። ሲፈገፈግ ከዜማው ጋር አብሮ የሚወጣ ፍጭፍጭታ አለው፤ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። ቆዳው ደግሞ ከታች ይጎመጉማል። እኔ ሆዬ በዚያ ሰሞን ድምፅ የሚያጸዳ አዲስ ፕሮግራም አግኝቼ እጄን በልቶኛል። ፍጭፍጭታውን እንደ ቆሻሻ ቆጥሬ ጠራረግኩት። ጉምጉምታውን ቆረጥኩት። ትንሽ የዘገየችውን ምት ጎተት፣ የቀደመችውን ገፋ አደረግኩ። ሦስት ሌሊት ሠራሁበት። እንደ መስታወት ጠራ። ጠርቼ በኩራት አሰማኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ይህ ማን ነው የሚጫወተው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከፍለው ሄዱ፤ ሁለተኛ አልመጡም። ሴቱን ስሰማ እኚያ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። እዚያም ውስጥ የጎበዝ ጣት አለ፣ የዓመታት ልፋት አለ። ግን ማን ነው የሚጫወተው?

ሁለተኛው ነገር ፍጥነቱ ራሱ ነው። ምት በሴኮንድ ከ20 አካባቢ ካለፈ ጆሮ መቁጠሩን ይተዋል። የተለያዩ ምቶች መሆናቸው ቀርቶ አንድ ተከታታይ ድምፅ ይሆንበታል። ቅድም ያሰላነው 16 እዚያ አፋፍ ላይ ቆሟል። የሐምሌን ዝናብ አስበው። ቆርቆሮው ላይ ሲለቀው መጀመሪያ ያስደነግጥሃል። አጠገብህ ካለ ሰው ጋር መነጋገር ያቅትሃል። አምስት ደቂቃ ሲቆይ ግን ትለምደዋለህ። አሥር ደቂቃ ሲሆን እንቅልፍ ይወስድሃል። የምትነቃው ዝናቡ ድንገት ቀጥ ሲል ነው።

ሴቱ ላይ ዝናቡ ቀጥ አይልም። መሃል ላይ ሁለት ማረፊያ አለ፤ አውቃለሁ። ግን ከዘፈኖቹ ውጪ፣ ለብቻቸው ተለጥፈው የቆሙ ናቸው። ዝናቡ አባራ አያሰኙም። ሰው መጥቶ ሬዲዮ የቀየረ ነው የሚመስለው።

አሁን ቀጥሎ የምለውን ሰምተህ እንዳትቆጣኝ። የቤተ ክርስቲያን ዜማን ከነዚህ ጯሂዎች ጋር ላወዳድር አይደለም፤ ለወሬም አይመችም። ስለ ፍጥነት ብቻ ነው የማወራው። ያለነው ጎንደር ነው፤ ከጎንደር በአታ በላይ ስለዚህ ነገር የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። የአቋቋም ምስክር ቤት ናት። በዓል ሲሆን ሄደህ ቁም። ዜማው በዝማሜ ሲሄድ መቋሚያው ብቻ ነው ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው። ቸኩለህ ከሆነ የመጣኸው ያስጨንቅሃል። ከዚያ መረግድ ይመጣል፤ ከበሮና ጸናጽሉ ይገባል፣ እሱም አይቸኩልም። ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ከበሮው ይፈጥናል። ያን ጊዜ ቆመህ መቅረት አትችልም። ሜትሮኖም፣ የምት ፍጥነት መለኪያውን፣ ብትደቅንበት ፍጥነቱ ከሜታሉ ጋር የሚቆጠር አይደለም። ግን ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ እግርህ ያውቀዋል። አንድ ሰዓት ቆመህ የጠበቅኸው ፍጥነት ነው።

ናይሎች ይህን ድሮ ያውቁት ነበር። በዚህ ነው የምናደደው። በ2002 ባወጡት አልበም ላይ ስለ ፈርዖን ኡናስ የሠሩት ከ11 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ዘፈን አለ። ኡናስ ሳቃራ ላይ ባለው ፒራሚዱ ግድግዳ በተቀረጹት ጽሑፎች የሚታወቅ ንጉሥ ነው። ከጽሑፎቹ አንዱ ንጉሡ አማልክትን እያረደ ሲበላ ይተርካል። ለዴዝ ሜታል ከዚህ የተሻለ ግጥም ከየት ይመጣል? እነሱ ግን አልቸኮሉም። ከባድ፣ ዘገምተኛ፣ ድንጋይ የሚጎትት ሰው እርምጃ የመሰለ ነገር አስቀመጡ። ፍጥነቱ ሲመጣ ታዲያ ከወንበርህ ያነሣሃል። የ2005ቱም ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ጭንቅላትህ ውስጥ የቀሩት እነሱ እንደሆኑ እገምታለሁ። ሂድና ሰምተህ አረጋግጥ።

ሦስተኛውና ለኔ ዋናው፣ ሪፉ ነው። ሪፍ የሚባለው ተመላልሶ የሚመጣው የጊታር ሐረግ ነው፤ የሜታል ዘፈን የሚቆመው በሱ ነው። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቅ የለ? አዝማሪው አንዲት ዜማ ይይዛል። ስንኙ ይለዋወጣል፣ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይላል፣ ሳቁ ይነሣል። ዜማዋ ግን ትመለሳለች። በመመለሷ ነው ቤቱ ሁሉ የሚያውቃት። ቴክኒካል ዴዝ ሜታልን የያዘው በሽታ ይህን መርሳት ነው። አንድ ሪፍ ይመጣል፣ ሁለቴ ይጫወታሉ፣ ይሄዳል። ሌላ ይመጣል፣ ይሄዳል። በር ላይ እንግዳ ተሰልፎ አንዱም ስሙን ሳይናገር ገብቶ እንደሚወጣ ነው። ማንን ታስታውሳለህ?

ቀላል ፈተና አለኝ። ዘፈኑን ስማና አጥፋው። ሻይ ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዱን ሪፍ በአፍህ አንጎራጉረው። ካልቻልክ፣ በማግስቱም ሞክረህ ካልቻልክ፣ የጣቱ ፍጥነት ምንም ቢሆን ዘፈን አልተሠራም። ሴቱን በዚህ ፈተንኩት። ከ11 ዘፈን ሁለት ሪፍ ነው ይዤ የወጣሁት።

«ቴክኒካል ሲሆን እንዲያ ነው» የሚል ጓደኛ ካለህ ሦስት አልበም ስጠውና ዝም ይበል።

አንደኛው የፍሎሪዳው ዴዝ በ1991 ያወጣው ‹ሂዩማን› ነው። አዎ፣ ባንዱ ራሱ ስሙ ዴዝ ነው። መሪው ቻክ ሹልዲነር በ2001፣ በ34 ዓመቱ በአንጎል ዕጢ ሞተ። ‹ሂዩማን› ላይ ድራሙን የመታው ሾን ራይነርት፣ አብሮ ጊታር የተጫወተው ፖል ማስቪዳል ናቸው። ሁለቱም ሲኒክ ከሚባለው ባንድ የመጡ፣ ጃዝ የቀመሱ ልጆች ነበሩ። ውስብስብ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ዘፈን ፊት አለው። በጨለማ ብታገኘው ታውቀዋለህ።

ሁለተኛው ኤቲስት የሚባለው ባንድ በዚያው በ1991 ያወጣው ‹አንኩዌስቸነብል ፕሬዘንስ› ነው። ቤዝ ተጫዋቻቸው ሮጀር ፓተርሰን በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። ቤዙን ቶኒ ቾይ ተክቶት ተጫወተው። ምቱ ሲዞር፣ ሲቆም፣ ሲደንስ ትሰማለህ። ቀጭን ድምፅ ያለው አልበም ነው። ግን ቀጭንነቱ አያስከፋም፤ ቀጭን ሆኖ ነው የተፈጠረው፣ እንደ ክራር።

ሦስተኛው ጓደኞችህን ያሳብዳቸዋል። የጀርመኑ ኔክሮፋጂስት በ1999 ‹ኦንሴት ኦፍ ፒዩትሪፋክሽን›ን አወጣ። መሪው ሙሐመድ ሱይችሜዝ ይባላል፤ ትውልዱ ከቱርክ ነው። እዚያ አልበም ላይ ድራሙን ሰው አልመታውም፣ ማሽን ነው። እኔ ቅድም ማሲንቆ አጠራሁ ብዬ ስወቅሥ ነበር፤ ይኸው ሙሉ በሙሉ ማሽን የሆነ ድራም ያለበትን አልበም አመሰግናለሁ። ለምን? ሪፎቹ ይመለሳሉ። ሶሎው ዜማ አለው። ቤት ስትገባ ጫማህን እያወለቅክ ታንጎራጉረዋለህ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ሌሎች ያሳዘኑ አልበሞችንም ታውቅ ይሆናል። ያሳዘኑበት መንገድ ግን የተለየ ነው። የካናዳዎቹ ክሪፕቶፕሲ በ1996 ‹ነን ሶ ቫይል› የሚባል አስፈሪ ሥራ ሠርተው ነበር። በ2008 ‹ዚ አንስፖከን ኪንግ›ን ይዘው ሲመጡ ንጹሕ አዘፋፈንና ኪቦርድ፣ የዚያን ሰሞን የዴዝኮር ፋሽን ገባበት። አድማጩ ተሳደበ። ሞርቢድ ኤንጅል ደግሞ ባሰ። በ1989 ‹ኦልታርስ ኦፍ ማድነስ›ን የሠራ ባንድ በ2011 ‹ኢሉድ ዲቪነም ኢንሳነስ› ላይ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት የምትሰማውን ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ምት አስገባ። የድሮው ድራመራቸው ፒት ሳንዶቫል የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ስለነበር አልበሙ ላይ የለም። ዘፋኙ ዴቪድ ቪንሰንት ግን ከ1995 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰበት አልበም ነበርና ሰው የጠበቀው ሌላ ነው። እኔ ያን ቀን የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ የተሳሳተ ፋይል ያወረድኩ መስሎኝ ነበር።

እነዚህ ያሳዘኑን ቤት ስለለቀቁ ነው። ናይል ቤቱን አልለቀቀም። እዚያው ተቀምጦ ምድጃውን አጠፋው። ለዚህ ነው አንተም ስሙን ማውጣት ያቃተህ። ሁሉም ዕቃ ቦታው ላይ አለ፤ ቤቱ ግን ይበርዳል።

ፍርዴ ሚዛን እንዲኖረው ደግሞ ይህን ልጨምር። ድራመሩ ጆርጅ ኮሊያስ፣ ግሪካዊው፣ የ2005ቱን አልበም ሲሠሩ የመጣ ሰው ነው። በ2012ቱ ላይ የሚሠራው ነገር ለድራም ተማሪ ትምህርት ቤት ነው። ጥራቱ እሱን ጠቅሞታል፤ እያንዳንዷ የእግር ምት ትሰማለች። ድራም የሚማር ልጅ ቢጠይቀኝ ከናይል አልበሞች መጀመሪያ ይህን ስማ እለዋለሁ። አንተ ግን ድራም አልተማርክም፤ ዘፈን ፈልገህ ነው የመጣኸው። ለአንድ ጎበዝ ሰው ልምምድ ታዳሚ መሆን አይጠበቅብህም።

ስለ አዘፋፈናቸው ብዙ አልናገርም። የተለያየ ዓይነት ጩኸት ሞክረዋል። አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ አልያዘም። ግጥሙን እንደሁ ያለ ወረቀት ማንም አይሰማውም።

«አልገባህም» የሚለው ነገርስ? እኔ የምታዘበው፣ ይህን የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ጊታር ይነካሉ። የሚሰሙት በጣታቸው ነው። «ይህን እኔ ልጫወተው አልችልም» ሲሉ «ታላቅ ነው» ማለታቸው ነው። ይህ የተለየ ደስታ ነው፤ አልነፍጋቸውም። ፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ሲሆን ከግንቡ ላይ እየተገለበጡ ውሃው ውስጥ የሚዘሉትን ልጆች አይተሃል? እናጨበጭባለን። ማንም ግን ዝላዩን በዓሉ ነው አይልም።

በ2015 ናይሎች ‹ዋት ሹድ ኖት ቢ አንኧርዝድ› የሚለውን አወጡ። የጊታሩ ክብደት ተመልሷል። ግድግዳው እንደገና ቆሟል። ሪፎቹም ከበር ሲገቡ ስማቸውን ይናገራሉ። ከዚያም በ2019 እና በ2024 አልበም አውጥተዋል፤ እስካሁን አልደከሙም። ስለዚህ የ2012ቱን እንደ ሞት አትየው፤ አንድ ክረምት የታመመ ሰው ብለህ እለፈው።

ልሰርዘው ወይ ላልከው፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክር። የ2002ቱንና የ2012ቱን ተራ በተራ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገህ ስማ፤ ሰው የሚያወራበት ክፍል ውስጥ እንደሚሰማ ያህል። ጮክ ብሎ ሲሆን ሁሉም ሜታል ያስፈራል። ዝቅ ሲል ነው ዘፈኑ ያለውና የሌለው የሚለየው። የ2002ቱ በሹክሹክታም ይገፋሃል። ሌላኛው የጽሕፈት መኪና ይሆንብሃል።

ከዚያ ከመሃል የማትፈልጋቸውን ሰርዝ፤ እኔን አትፍራ። የመጨረሻዋን፣ 11ኛዋን ግን አትንካት። እዚያች ላይ ቀስ ይላሉ፤ ድንጋይ ጎታቹ ይመለሳል። እኔ ይዤ ከወጣኋቸው ሁለት ሪፎች አንዱ እዚያ ነው። በተረፈው ቦታ የ2015ቱን አውርድ። ወይ ሌሊት ከምትነቃ ፍላሽ ይዘህ ብቅ በልና ልገልብጥልህ። ረቡዕ ከሰዓት ቀረጻ የለኝም፤ በትልቁ ስፒከር እንሰማዋለን። በሩን ዘግተን ነው ታዲያ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ባለፈው ድንግጥ ብሎ የሰው ኮት በመቀስ ሊያበላሽ ነበር።